ኤሌና ወይስ እሌኒ? ዘውዱ የማን ነው?

«እሌኒ የምትባለው የኢትዮጵያ እቴጌ ማን ናት?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ሁለት መልስ አለ። የመጀመሪያውን የሚሰጡት የአውሮፓ ነገሥታትን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የጣሊያን ንግሥት ኤሌና፣ የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የኢትዮጵያ እቴጌ ይሏችኋል። ዓይናቸውን አያሹም። ሁለተኛው መልስ ያለው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ፣ ከዋናው መንገድ ወደ አባይ በኩል ወጣ ብላ፣ እነብሴ ምድር ላይ መርጡለ ማርያም የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ፍርስራሹ የሚታየውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ሌላ እሌኒ ናት። ያቺ እሌኒ የስድስት ነገሥታትን ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ አሳልፋለች፤ ልጅ እግር ንጉሥ ይዛ አገር አስተዳድራለች፤ ከጎጃም ተነስታ ሊዝበን ድረስ የሚሄድ ፖለቲካ ሠርታለች።

የመጀመሪያውን መልስ ስንሰማ እንስቃለን። ስለ ሁለተኛው ስንጠየቅ ግን ዝም እንላለን። ጠቡ ከዘር ቆጣሪዎቹ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ። ትልቁ ጠብ ከራሳችን ዝምታ ጋር ነው።

ስሙ የጣሊያን ነው እንዴ?

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ እሌኒ ተብላ የተጠራች ልጅ ካፌ ስትገባ ሊና፣ ፌስቡክ ላይ ስትወጣ ኤሌና ልትሆን ትችላለች። መብቷ ነው። ስም ማቆላመጥ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ችግሩ ከማቆላመጡ በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ነው፤ እሌኒ የአክስት ስም፣ ኤሌና ደግሞ የዘመናዊ ልጅ ስም ነው የሚለው ሒሳብ። በዚህ ሒሳብ እሌኒ ነጠላ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትታያለች፣ ኤሌና ግን ማኪያቶ ይዛ ትቀመጣለች።

ሒሳቡ ከመነሻው ስህተት ነው። ስሙ የግሪክ ነው፤ ግሪኮች ዛሬም የሚሉት እሌኒ ነው። ጣሊያኖች መጨረሻውን ለውጠው ኤሌና አደረጉት፣ እንግሊዞች ሄለን አሉት፣ ስላቮቹ የሌና አሉት። የእኛ ሰው ግን ከግሪኩ የተቀበለውን ድምፅ ሳይነካው ይኸው እስከ ዛሬ ይዞታል። ስለዚህ እሌኒን ጥላ ኤሌናን ያነሳች ልጅ ዋናውን ጥላ ቅጂውን ነው ያነሳችው።

ስሙን ወደ አገራችን ያመጣችው የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ መሆኗን ደግሞ ደመራ አጠገብ የቆመ ሁሉ ያውቃል። የክርስቶስ የተቀበረ መስቀል የት እንዳለ ጭስ መራት ተብሎ በየዓመቱ መስከረም 16 አደባባይ እንወጣለን። ከሺህ ዓመት በላይ ስሟ ሲጠራ የኖረ ሴት ናት። በእኛ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በ2000 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረችው ኢኮኖሚስት ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን አለች። ቡናና ሰሊጥ በጨረታ ድምፅ ሲሸጥ፣ ዋጋው በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ፣ እሌኒ የሚለው ስም የነጋዴ ሁሉ አፍ ላይ ነበር። ያኔ ማንም «የአክስት ስም ነው» አላለም።

ለጣሊያኖቹም ሐቁን እንስጣቸው። ኤሌና ኮርናሮ ፒስኮፒያ የምትባል የቬኒስ ሴት እ.ኤ.አ. በ1678 ከፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብላለች፤ ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደጅ በማትደርስበት ዘመን። እንዲህ ካለችው ኤሌና ጋር ማንም ጠብ የለውም። ጠቡ ከሌላዋ ጋር ነው።

ቀለበትና አዋጅ

ንግሥት ኤሌና፣ እውነቱን ለመናገር፣ በትውልዷ ጣሊያናዊት እንኳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1873 የተወለደች የሞንቴኔግሮ ገዥ ልጅ ናት። የልጅነት ስሟ የሌና፣ ሃይማኖቷ ኦርቶዶክስ ነበር። ለጣሊያን አልጋ ወራሽ ስትዳር ካቶሊክ ሆነች፣ ስሟም ኤሌና ተባለ። ሠርጉ የተደረገው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1896 ነው፤ የጣሊያን ጦር አድዋ ላይ ከተደመሰሰ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ። ሙሽራዋ የገባችው የአድዋ ቁስል ያልደረቀበት ቤት ነው ማለት ነው።

መልካም ሥራዋንም አንደብቅም። እ.ኤ.አ. በ1908 የመሬት መንቀጥቀጥ መሲና የተባለውን ከተማ ሲያወድም ወርዳ ቁስለኛ አስታማለች። የአገሯ ድሃ ወዷታል። ይሁን። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን ይኸው እጇ ሌላ ነገር ሠራ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን በመውረሯ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ፋሽስቱ መንግሥት ወርቅ ፈለገ። ንግሥቲቱ ሮም መሐል በሕዝብ ፊት ቆማ የጋብቻ ቀለበቷን ለጦርነቱ ሰጠች። እሷን አይተው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሚስቶች ቀለበታቸውን አወለቁ፣ በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። በዚያው በታኅሣሥ ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር በወገናችን ላይ የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ።

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ኢምፓየር አወጀ። ንጉሡ በአንድ ንግግር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ሆነ፤ ሚስትም በባሏ በኩል እቴጌ ተባለች። አንድም ቀን እግሯ ኢትዮጵያን አልረገጠም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደም ታጠበች፤ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በሁለቱ መካከል፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1937፣ የሮማው ጳጳስ ፒዩስ 11ኛ ለንግሥት ኤሌና የወርቅ ጽጌረዳ ሸለሟት። ወርቅ ሰጥታ ወርቅ ተቀበለች። እኛ ምን እንደተቀበልን የየካቲት 12 ሐውልት ይመስክር።

መጨረሻውም ታውቋል። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያን ዘውድ ተወ፤ በ1946 የራሱንም አገር ዘውድ ለቀቀ፤ ጣሊያንም በሕዝብ ድምፅ ሪፐብሊክ ሆነች። ኤሌና በ1952 ፈረንሳይ አገር አረፈች። ነፍስ ይማር። ማዕረጉን ግን አይማርም፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ከስሟ ሥር «የኢትዮጵያ እቴጌ» ተብሎ፣ ከዓመተ ምሕረት ጋር፣ እንደ ደመወዝ ጊዜ ተቆጥሮ ይጻፋል።

ቢቸና ላይ ያልሠራ ማዕረግ

የዚህች እቴጌ ግዛት እስከ የት ይደርስ ነበር? ቢቸናን ጠይቁ። ጣሊያን ቢቸናም ሞጣም ጦር አስፍሮ ነበር። ከምሽጉ ውጪ ያለው ገጠር ግን የሌላ ሰው ነበር። በላይ ዘለቀ የሚባል የቢቸና አውራጃ አርበኛ ከአባይ ማዶና ማዶ እየተሻገረ ጠላትን እንቅልፍ ነሳው። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በሙሉ ሲነሳ ጣሊያን ብዙ ሻለቃ ጦርና አውሮፕላን ልኮ እንኳ ገጠሩን አልገዛም።

ስለ በላይ በሰፊው የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ። አርበኞቹን ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ራስ እያለ ሾማቸው አሉ። እነሱም «አንተስ ማን ትባል?» ቢሉት «እኔማ እናቴ በላይ ብላኛለች፤ ከዚህ በላይ ምን አለ?» አለ ይባላል። ሮም ላይ አንድ ቤተሰብ ያላየውን አገር ማዕረግ ተሸክሞ ሲዞር፣ አገሩን በእጁ የያዘው ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም በቅቶታል። ጣሊያን ሊይዘው ያልቻለውን በላይን በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰቀለው የራሱ አገር መንግሥት መሆኑ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ ጋ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፦ ማዕረግ በአዋጅ ይሰጣል፣ ስም ግን በሥራ ነው የሚቆየው። በዚህ ሚዛን ሁለቱን እሌኒዎች እንመዝናቸው።

ከሐድያ እስከ እነብሴ

የእኛዋ እሌኒ የተወለደችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ የሐድያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት። አባቷ ሙስሊም፣ እሷም በእስልምና ያደገች። ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት በጋብቻ ስትገባ ተጠመቀች፣ እሌኒም ተባለች። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሴቶች ለሌላ አገር አልጋ የተዳሩ ናቸው፣ ሁለቱም ሃይማኖት ለውጠዋል፣ ሁለቱም አዲስ ስም ተቀብለዋል። አነሳሳቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1468 ሲሞት እሌኒ ወደ ጓዳ አልገባችም። ተከታዩ ዐፄ በእደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት፤ ከእሱ በኋላ እስክንድር፣ ጥቂት ወራት የነገሠው ሕፃኑ ዳግማዊ ዐምደ ጽዮን፣ ናዖድ ተፈራረቁ። ነገሥታቱ መጡ ሄዱ፤ እሌኒ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1508 ልብነ ድንግል የአሥራ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ሲነግሥ የአገሩ ሥራ በአብዛኛው እጇ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ የቀይ ባሕር ነገር እየተለወጠ ነበር። ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው ሕንድ ደርሰዋል፤ ከግብፅ መርከቦች ጋር ተጋጥመዋል። አሮጊቷ እሌኒ ይህን ተከታትላ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ በሕንድ በኩል ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላከች። ሐሳቡ አጭር ነው፦ እናንተ መርከብ አላችሁ፣ እኛ እግረኛና ስንቅ አለን፣ ባሕሩን እናንተ ያዙ የብሱን እኛ እንያዝ። ማቴዎስ በየመንገዱ እየተጠረጠረና እየታሰረ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ገባ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1520 ነው። እሌኒ ጥቂት ዓመት ሳትቆይ አረፈች። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገሩ እንዴት እንዳዘነላት ጽፏል፤ ሐዘኑ ጥላው የተነሳበት ሕዝብ ሐዘን ነበር።

የጎጃም ርስቷ ላይ ያሠራችው መርጡለ ማርያም በሕይወት ከተዋቸው ሥራዎች ሁሉ የሚዳሰሰው ነው። ስሙ የማርያም አዳራሽ እንደማለት ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና ገነቡት። ዛሬ የሚታየው የተጠረበ ድንጋይ የእነዚህ ዘመናት ሥራ የተደራረበበት ነው።

ሦስቱ ክሶች

ታዲያ ለምን ዝም አልናት? ሦስት ክስ ስላለባት ይመስለናል። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ከእኛ ወገን አይደለችም» የሚለው ነው። ይህን ክስ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ሁሉም ግን ይሠራበታል። የዛሬ ታሪክ ወዳድ ጀግናውን የሚመርጠው በክልል ካርታ ነው። እሌኒን ሐድያ አይወስዳት፣ የክርስቲያን ንጉሥ ሚስት ናት። ጎጃም አይወስዳት፣ ሐድያ ናት። ሙስሊሙ አይወስዳት፣ ተጠምቃለች። ስለዚህ በየሰፈሩ ደጅ ቆማ ትቀራለች። እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፦ አንዲት ሰው ሐድያ ተወልዳ፣ እነብሴ ላይ ደብር ተክላ፣ ከመላው አገር አልፋ ስለ ቀይ ባሕር ካሰበች፣ ጉድለቱ የእሷ አይደለም፤ የእኛ ካርታ ነው የጠበበው። ጋብቻው የፍቅር ተረት አልነበረም፤ ሐድያ ገባሪ አገር ነበር፣ ሲያምፅም በጦር ተቀጥቷል። በዚያ መሐል የገባች ሴት ልጅ የተሰጣትን ቦታ ወደ ሥልጣን መለወጧ ነው የሚደንቀው።

ሁለተኛው ክስ «ፈረንጅ የጠራች እሷ ናት» የሚል ነው። ይህ ጠንከር ያለ ክስ ነው፤ ማለፍ አይገባም። በእርግጥም ከፖርቱጋል ጋር የተጀመረው ነገር ኢየሱሳውያንን አምጥቷል፤ በሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጦርነት አስነስቶ ብዙ ደም አፍስሷል። ግን ቀኑን ቁጠሩ። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ያወጀው እሌኒ ከሞተች መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የልጅ ልጆቿ ዘመን ነገሥታት ለሠሩት እሷን መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ነፍጠኛ ይዞ የመጣው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በእሷ ደብዳቤ በተከፈተው በር ነው የገባው። ልብነ ድንግል በዚያ ኅብረት ላይ ቀዝቅዞ ጊዜ ባያባክን ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የእሷ ደብዳቤ የልመና አልነበረም፤ ያለውን ቆጥሮ የጎደለውን የሚጠይቅ ሰው ደብዳቤ ነው። ዛሬ ስለ ባሕር በር በየመድረኩ የሚጮኸው ሁሉ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንዲት አሮጊት ነገሩን እንዴት እንዳሰበችው ቢያነብ አይጎዳውም።

ሦስተኛው ክስ «የንጉሥ ሚስት ብቻ ናት» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ሁለቱ እሌኒዎች የሚለያዩት። ጣሊያናዊቷ ኤሌና እቴጌ የተባለችው ባሏ ንጉሠ ነገሥት ስለተባለ ብቻ ነው፤ ባሏ ሲወርድ እሷም ወረደች። የእኛዋ እሌኒ ዋና ሥራዋን የሠራችው ባሏ ከሞተ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። «ሚስት ብቻ» የሚለው ቃል የሚስማማው ለመጀመሪያዋ ነው። እኛ ግን ለሁለተኛዋ ሰጠነው።

ቅድስት እናድርጋት አላልንም። መርጡለ ማርያም በጸሎት ብቻ አልቆመም፤ ድንጋዩን ያመላለሰ፣ ግብሩን የገበረ የጎጃም ገበሬ አለ፤ ስሙ የትም አልተጻፈም። እሱን ረስቶ እሷን ብቻ ማወደስ የቤተ መንግሥት አዝማሪነት ነው። ግን ገበሬውን ለማስታወስም ቢሆን መጀመሪያ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሞጣ ስንደርስ

እሌኒ ደግሞ በዚያ አገር ብቸኛ አይደለችም። መንገዱን ይዛችሁ ሞጣ ስትደርሱ ሞጣ ጊዮርጊስን ታገኛላችሁ። የተከለችው ወለተ እስራኤል ናት፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የደጃዝማች ዮሴዴቅ ባለቤት፣ በኋላ ጎጃምን የገዛው የራስ ኃይሉ እናት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞጣ መሬት እንዴት ይከፋፈል እንደነበር የሚያጠኑ የታሪክ ሰዎች ይህችን ሴት ሳያነሱ ማለፍ አይችሉም። ከመርጡለ ማርያም እስከ ሞጣ ሁለት ሴቶች፣ በሁለት የተለያየ ዘመን፣ ደብር ተክለው፣ መሬት ሰጥተው፣ ሰው አስፍረው የአገሩን መልክ ሠርተዋል። እኛ ግን ስለ ምሥራቅ ጎጃም ስናወራ የምንጠራው ጠመንጃ የያዘ ወንድ ብቻ ነው። በላይን ማክበር ተገቢ ነው። ሴቶቹን መርሳት ግን የበላይን ክብር አይጨምርም።

ይህን ለምን አሁን እናነሳለን? ምክንያቱም ጊዜው ለድንጋይም ለሰውም ክፉ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሳው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከሁሉ የሚቀድመው የሰው ሕይወት ነው። ቢሆንም ጦርነት ሲያልፍ ሰው የሚመለሰው ወደሚያውቀው ነገር ነው፤ የማያውቀውን ማንም መልሶ አይሠራም። የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ሌላ እሳት ሳያየው፣ ሌላ ድንጋይ ሳይወድቅበት እንዲቆይ የሚጮኽ ሰው የሚገኘው መጀመሪያ ስሙን የሰማ ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ዘር ቆጣሪዎቹ ኤሌናን በመሲና ቁስለኞች ያስታውሷት፤ የኢትዮጵያን ዘውድ ግን ከስሟ ሥር ያንሱልን። የታሪክ መምህራን እሌኒን ከደብዳቤው አንድ መስመር አውጥተው ሙሉ ታሪኳን ያስተምሩ። አንቺም፣ ስምሽ እሌኒ የሆነው እህታችን፣ ሊናም ኤሊም ብለሽ ተጠሪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ነገር ግን ስሙ ከየት እንደመጣ የጠየቀሽ ሰው ሲገኝ «የጣሊያን ነው» እንዳትዪው። መርጡለ ማርያም በይው፤ የት ነው ቢልሽ፣ ከቢቸና አልፎ፣ ሞጣ ሳይደርስ።